ኤምፒቪ ከፍ ካለ ስኳሬ ከፍቷል ማለት ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! የሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ውጤታችሁን አውጡ። ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ትንንሽ ሴሎች) ከሚለው መስመር ትንሽ ዝቅ በሉ፣ ኤምፒቪ የሚል አለ፤ የአንድ ፕሌትሌት አማካይ ትልቀት ማለት ነው። የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው። ብዛቱ አይደለም፣ መጠኑ! 250 ሺህ ፕሌትሌት ያለው ሰው ብዛቱ ኖርማል ነው፤ ስለ መጠናቸው ግን ገና ምንም አላወቅንም።

ፕሌትሌትን የጥበቃ ወታደር አድርጋችሁ አስቡት። ከማሠልጠኛ ገና የወጣ ምልምል ዝናሩ ጢም ብሏል፣ ጣቱ ቃታው ላይ ነው፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ይተኩሳል። የሰነበተው ግን ጥይቱ ተመናምኗል፣ እሱም ከስቷል፤ ድመት ብታልፍ ዝም ብሎ ያያታል። (ድመቷን ወድጃታለሁ፣ ትቆይልን።) ማሠልጠኛው መቅኔ ነው፤ አገልግሎቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ታዲያ ነባሮቹ በየአጥሩ እየተኮሱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቁ ማሠልጠኛው ምን ያደርጋል? ምልምል በምልምል ላይ ይልካል! ግንቡ ላይ የቀረው ሁሉ እጁ የሚበላው ጎረምሳ ነው።

ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርምም እንዲሁ ነው። የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፣ ፕሌትሌት ይቆሰቆሳል፣ ያልቃል፣ በምትኩ ትልልቅ ወጣቶች ይመጣሉ። ትልልቆቹ ትሮምቦክሴን ኤ2 የሚባለውን ፕሌትሌት የሚያጣብቅ ኬሚካል አብዝተው ያመነጫሉ፣ ቶሎ ይጣበቃሉ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው (ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ) ከፍ ያለ ሰዎች ኤምፒቪያቸውም ከፍ ብሎ በብዙ ጥናቶች የታየው ለዚህ ነው። በአማካይ ግን! ግንኙነቱን ያላገኙ ጥናቶችም አሉ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ ነገር ልምጣ። «ኤምፒቪዬ ባለፈው 9.6 ነበር፣ ዛሬ ሌላ ላብራቶሪ 11 አለኝ፣ ስኳሬ ከፋ ማለት ነው?» ቆይ፣ ቆይ! ደሙ ከተቀዳ ስንት ሰዓቱ ነበር? ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ኢዲቲኤ ውስጥ ሲቆይ ጠፍጣፋው ፕሌትሌት ድቡልቡል ይሆናል፣ ያብጣል። ስኳራችሁ ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ወጣ! በዚያ ላይ በኤሌክትሪክ የሚለካ ማሽንና በብርሃን የሚለካ ማሽን አይስማሙም። ማወዳደር ከፈለጋችሁ ላብራቶሪው ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ደሙ ከተቀዳ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የተለካ ይሁን።

ሌላ ወጥመድ ደግሞ የብረት እጥረት ነው። ያነሱ ቀይ ሴሎችን ማሽኑ ትልልቅ ፕሌትሌት መስለውት ይቆጥራቸዋል። የብረት እጥረት ራሱ የሦስት ወር ስኳርንም ያለ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም አብረው ወጡ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ኤምሲቪን (የቀይ ሴሎችን አማካይ ትልቀት) እዩ፤ ከ80 በታች ከሆነ ፌሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችታችሁ፣ ይታይላችሁ።

ስኳርን ለመከታተል ግን የሦስት ወሩ ምርመራ ነው፤ ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። ለኤምፒቪ እንዲህ ያለ የተስማሙበት ገደብ የለም። ኤምፒቪ አይታችሁ አስፒሪን ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ተዉት፤ አስፒሪን ጨጓራ ያደማል፣ ውሳኔውም የልብና የደም ሥር አደጋ ተመዝኖ በሐኪም የሚሰጥ ነው። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እንመጣበታለን፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደወሏንም ንኳት።