ባሮ፦ መርከብ የገባበት ወንዛችን
(ለታሪክ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ስለ ወንዝ የሚናገር እንግዳ ይመጣል ስትባሉ ዓባይን እንደጠበቃችሁ እገምታለሁ። ዓባይ ተናጋሪ አጥቶ አያውቅም። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ባሮ ነው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን ስላደግን፣ ወንዝ ሲባል የሚታየን ይዞብን የሚሄደው ብቻ ነው። ባሮ ግን ይዞልንም ይመጣ ነበር። ከካርቱም ተነስቶ ነጭ ዓባይንና ባሮ የሚገባበትን የሶባት ወንዝ ተከትሎ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጋምቤላ ላይ መልሕቁን የሚጥል የእንፋሎት መርከብ ነበረን። «ነበረን» ስል ግን መርከቡ የእንግሊዞች፣ ወንዙ የእኛ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል የምታውቁት በ3ኛው አንቀጹ ነው፤ ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን ስለሚመለከት በእሱ ያልተከራከረ የለም። ዝቅ ብሎ 4ኛውን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። በዚያ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ባሮ ዳር ባለችው በኢታንግ አቅራቢያ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን አከራዩ። ለጦርም ሆነ ለፖለቲካ እንዳይውል ተከለከለ። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ብቻ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ ከኢታንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ጋምቤላ ላይ ተተከለ።

ለጎሬ፣ ለመቱና ለደምቢዶሎ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት ካርታ መዘርጋት ይበቃል። በአጋሰስ ጭኖ አገሩን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ከማቋረጥ ይልቅ ቁልቁል ወደ ቆላው መውረድ ነበር የሚቀርበው። ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል።

ችግሩ ወንዙና መንገዱ አለመስማማታቸው ነው። መርከቡ መግባት የሚችለው ባሮ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። በእነዚሁ ወራት የኢሉባቦር ቁልቁለት ጭቃ ነው፤ በቅሎ እስከ ጉልበቷ ትሰምጣለች። መንገዱ ደርቆ ሲራራ ነጋዴው እንደልቡ ሲወርድ ደግሞ ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ይታያል። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና በጆንያ ተከምሮ ክረምትን ይጠብቃል፤ በክረምት የገባው ጨው ደግሞ በጋን። ጋምቤላን እንደ ከተማ ያቆማት ይህ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ። መጋዘኑ፣ ጉምሩኩ፣ የሶርያና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ፣ ሁሉም የሚኖሩት በሁለቱ ወቅቶች መካከል በሚጠበቀው ዕቃ ላይ ነበር። የመርከብ አዛዥም ቢሆን የውኃውን መውረድ ልብ ሳይል ከቆየ አሸዋ ላይ ተቀርቅሮ እስከሚቀጥለው ክረምት ሊቀመጥ ይችላል።

ለነጋዴው እንቅፋት የሆነው ይኸው የውኃ መሙላትና መጉደል ለወንዙ ባለቤቶች ግን የኑሮ ሥርዓት ነው። አኝዋኩ ውኃው ሲሸሽ በተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎውን ይዘራል፤ ዓሣውንም ያጠምዳል። ኑዌሩ በክረምት ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ በበጋ ለሣርና ለውኃ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የንግድ ታሪካችን እነዚህን ሰዎች እንደ መልክዓ ምድር እንጂ እንደ ባለሙያ አለመቁጠሩ ያሳዝነኛል።

ጦርነቱንም ባሮ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1941 በቤልጅግ አዛዦች የሚመሩ የኮንጎ ወታደሮች በዚህ በኩል አልፈው ያኔ ሳዮ ወደምትባለው ደምቢዶሎ ወጡ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራም በዚያው ዓመት ሐምሌ እጁን ሰጠ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ውሉ ራሱ ባስቀመጠው ቃል መሠረት ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። የሚገርመው፣ መሬቱ ሲመለስ ንግዱ እየራቀ መሄዱ ነው። ቡናው በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባና ወደ ቀይ ባሕር ዞረ፤ በደቡብ ሱዳን የተነሳው ጦርነትም የወንዙን ጉዞ አከሰመው።

ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ካለ ይኸውላችሁ። የሱዳን አስተዳደር ሹማምንት የጻፉት ብዙ ሰነድ በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፤ እሱ ወዴትም አይሄድም። የማይቆየው የሌላው ወገን ቃል ነው። ጆንያውን ከመጋዘን ወደ መርከብ የተሸከመው ማን ነበር? ስንት ተከፈለው፣ በብር ወይስ በጨው? ለመርከቡ ማገዶ የቆረጠውስ? ያኔ ልጆች የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። መቅረጫችሁን ይዛችሁ ጎሬም፣ ኢታንግም፣ ጋምቤላም ውረዱ፤ አኝዋክኛና ኑዌርኛ የሚያውቅ የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ እሱን አስቀድሙ።

አመሰግናለሁ።