ደሴቱ ላይ ዓይን መማር፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ዮናስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፤ እንግዳዋ ራሷ ሰላም ናት። በይ ንገሪያቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ የማታነሺው ምን ሆነሽ ነው?

ሰላም፦ (ሳቅ) ተቀበሉኝ።

ዮናስ፦ የት?

ሰላም፦ ፖርቶ ሪኮ። ኦፕቶሜትሪ፣ ዓይን መርምሮ መነጽር የማዘዝ ትምህርት። እስከ ዓርብ ዲፖዚት ከፍዬ ቦታዬን ካልያዝኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይኸው ማክሰኞ ደርሷል።

ዮናስ፦ ለማያውቋት፣ ሰላም እዚህ አሜሪካ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆና ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። ያመለከተችባቸው ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏትም። ይቅርታ፣ ይሄን ማለት ነበረብኝ?

ሰላም፦ ብለኸው ጨረስክ እኮ።

ዮናስ፦ እማማስ ምን አሉ?

ሰላም፦ እማዬ? «ደሴት ላይ? ደሴት ላይ ያለው ገዳም ነው እንጂ ትምህርት ቤት አለ እንዴ?» አለችኝ። ጣና መስሏት።

ዮናስ፦ (ሳቅ) እውነቷን ነው።

ሰላም፦ አለ ግን። ኢንተር አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፖርቶ ሪኮ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው በ1912 ነው የተመሠረተው። የኦፕቶሜትሪ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ1981። የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ባያሞን የሚባል ከተማ ውስጥ ነው፣ ከሳን ሁዋን ጎን። አራት ዓመት ተምረህ ዶክተር ኦፍ ኦፕቶሜትሪ ሆነህ ትወጣለህ።

ዮናስ፦ ውጭ አገር የተማረች ትባያለሽ ወይስ አትባይም?

ሰላም፦ አልባልም። እሱ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ደሴቱ ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ነው። ብሩ ዶላር ነው፣ ከዚህ ስትሄድ የአገር ውስጥ በረራ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚገመግመውም እዚህ ያሉትን የሚገመግመው አካል ነው። ለሥራ ፈቃድ የምትፈተነውም ያንኑ ቦርድ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና ነው።

ዮናስ፦ እሺ፣ ታዲያ ምኑ ነው እንቅልፍ የነሳሽ? ስፓኒሹ?

ሰላም፦ መጀመሪያ እሱ ይመስለኝ ነበር። የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ነው ሲሉኝ ፕሮፌሰሩ በስፓኒሽ ሲያስተምር፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሳለቅስ ነበር የሚታየኝ። ነገሩ ሌላ ነው። መጻሕፍቱ እንግሊዝኛ ናቸው። ቦርዱ እንግሊዝኛ ነው። ስፓኒሽ የሚናገረው ታካሚው ነው።

ዮናስ፦ እንግሊዝኛስ የሥራ ቋንቋቸው አይደለም?

ሰላም፦ በሕግ ሁለቱም ናቸው። የሚገርም ታሪክ አለው። በ1902 ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋ ሆኑ። በ1991 ስፓኒሽ ብቻ ተባለ። በ1993 መልሰው ሁለቱንም አደረጓቸው። ግን ሕግ ሌላ፣ የሰባ ዓመት አሮጊት ሌላ። ዓይኗን ልታሳይ የመጣች ሴትዮ «ሕጉ እንግሊዝኛ ተናገሪ ይላል» አትላትም።

ዮናስ፦ አንቺ ደግሞ ስፓኒሽ ትችያለሽ። እዚህ ስትናገሪ ሰምቻለሁ።

ሰላም፦ የስልክ አፕ ስፓኒሽ! ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርህ። አንዲት የፖርቶ ሪኮ እናት ክሊኒካችን መጡ። እኔ በኩራት «አዲስ ጋፋስ ነው የፈለጉት?» አልኳቸው። ጋፋስ ማለት በተማርኩት ስፓኒሽ መነጽር ነው። ሴትዮዋ ሳቁብኝ። እነሱ ጋ ጋፋስ የፀሐይ መነጽር ነው። የሚያነቡበት ኤስፔኹዌሎስ ይባላል።

ዮናስ፦ ኤስፔ... ምን?

ሰላም፦ ኤስፔኹዌሎስ። ትንንሽ መስታወቶች እንደ ማለት። ቆይ አላለቀም። ከዚያ የዓይን ጠብታ ላደርግላቸው ስል «አኦሪታ» አልኳቸው። ሜክሲኳዊቷ ባልደረባዬ ስትለው ስለምሰማ «አሁኑኑ» ማለት ነው ብዬ ነው። ጠብታውን ይዤ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ!

ዮናስ፦ የት ሄዱ?

ሰላም፦ ቡና ሊገዙ። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አኦሪታ ማለት «ቆይቶ፣ ኋላ» ነው። «ኋላ ነው ያልሽኝ» አሉ፣ ቡናቸውን ይዘው ሲመለሱ። እኔ አሁኑኑ ብዬ፣ እሳቸው ኋላ ሰምተው።

ዮናስ፦ (ሳቅ) ይሄ እንኳ ቀላል ነው። ቡና አስገዛሽ እንጂ ዓይን አላጠፋሽም።

ሰላም፦ ልክ። ችግሩ ከፎሮፕተሩ ኋላ ነው። ያ ፊት ላይ የሚመጣው ትልቅ ማሽን አለ አይደል? «አንድ ይሻላል ሁለት?» የሚባልበት።

ዮናስ፦ ሁሌ የምዋሽበት።

ሰላም፦ ሁሉም ይዋሻል! ግን ስማኝ። ሩቅ ለማያይ ሰው ማይነስ የሚባለውን ሌንስ እያጠነከርክ ስትሄድ የሆነ ቦታ ላይ መጥራቱ ያቆማል። ፊደሉ ያንሳል፣ ይጠቁራል። ታካሚው ግን የጠቆረውን «ይሻላል» ብሎ ይወስዳል፣ ደመቅ ስላለ። ስለዚህ «ጠራ ወይስ አንሶ ጠቆረ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ሳትለይ ከሄድክ ከሚያስፈልገው በላይ የጠነከረ መነጽር ታዝዝለታለህ። ራሱን እያመመው ይመለስብሃል።

ዮናስ፦ እና በስፓኒሽ?

ሰላም፦ በስፓኒሽ «ክላሮ» ማለት ጥርት ያለ ማለት ነው። ፈካ ያለ ቀለምም ክላሮ ነው። እና ሰውዬው «ማስ ክላሮ» ሲለኝ ፊደሉ ጠርቶለት ነው ወይስ ቀለሙ ፈክቶበት? መልሼ የምጠይቅበት ቋንቋ ከሌለኝ ገመትኩ ማለት ነው። በዚያ ላይ አነጋገራቸው ኤስን ይውጣል። ቁጥር ሁለት «ዶስ» መሆኑ ቀርቶ «ዶ» ይሆናል። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ፊታቸው በማሽን ተሸፍኖ፣ «ዶ»!

ዮናስ፦ ለካ ቋንቋው ራሱ መሣሪያ ነው።

ሰላም፦ ሬቲኖስኮፕ የሚባል አለ፣ ብርሃኑን ዓይን ውስጥ እያንቀሳቀስክ የምትለካበት። እሱ ቋንቋ አይጠይቅም። ሕፃንም፣ መናገር የማይችልም ትለካበታለህ። እና ለራሴ «እሱን ጎበዝ እሆናለሁ» እያልኩ ሳጽናና ነበር።

ዮናስ፦ እኔ ግን ይሄ አያስፈራኝም። አንቺ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ተምረሽ ለጓደኛሽ በአማርኛ ስታስረጂ ነው ያደግሽው። እኔ አዲስ አበባ ስማር አስተማሪው ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ዞር ብሎ በአማርኛ ነበር የሚነግረን። ሁለት ቋንቋ ላይ መንጠልጠል ለእኛ ብርቅ ነው?

ሰላም፦ አይደለም። እንደውም አንድ ሰሞን ሳስበው ትርፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱ ስፓኒሽ ነው የሚያወራው። የስኳር በሽታ ደግሞ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ብዙ ነው። ስኳር ሬቲናን፣ የዓይንን የውስጥ ኋላ ግድግዳ፣ እንዴት እንደሚጎዳ ሌላው በሥዕል ሲያይ አንተ በሰው ዓይን ታያለህ።

ዮናስ፦ ታዲያ ጨረስን፣ ክፈያ።

ሰላም፦ ቦርዱስ?

ዮናስ፦ እ... ቦርዱ።

ሰላም፦ ሦስት ክፍል ነው። አንደኛው መሠረታዊ ሳይንስ ነው፣ አብዛኛው ተማሪ ሦስተኛ ዓመት ላይ ይፈተነዋል። ሁለተኛው የታካሚ ጉዳይ ሰጥቶ «ምን ታደርጋለህ?» ይላል። ሦስተኛው የተግባር ፈተና ነው፣ ለሱ ሻርለት፣ ሰሜን ካሮላይና ድረስ ትበራለህ። ሁሉም በእንግሊዝኛ። የትምህርት ቤቶቹ ማኅበር የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የማለፍ መጠን ያወጣል። የባያሞኑ ለዓመታት ከአገሪቱ አማካይ በታች ነው።

ዮናስ፦ አየሽ፣ ይሄን መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ።

ሰላም፦ ካልኩማ አትሰማኝም ብዬ።

ዮናስ፦ እሰማለሁ። ግን ቁጥሩን ሳትቆጪ እንየው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደካማ ውጤት ያለውንም ሰው ዕድል ሰጥቶ ያስገባል። አንዳንዱ ደግሞ የተማሪው አንደኛ ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለም። ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፣ የገባውም ሰው ነው።

ሰላም፦ እሱማ ልክ ነው። ግን እኔም ከዚያ ተማሪ አንዷ ነኝ። መግቢያ ፈተናዬ አላስጨፈረም። ሌሎቹ ያልተቀበሉኝ እኮ ጠልተውኝ አይደለም።

ዮናስ፦ ...

ሰላም፦ ዝም አትበል፣ ፖድካስት ነው!

ዮናስ፦ (ሳቅ) እያሰብኩ ነው። እሺ፣ እኔ ብሆን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከገቡት ስንቱ በአራት ዓመት ጨረሰ? ማለፊያው ቁጥር ላይ የሚቆጠረው እዚያ የደረሰው ብቻ ነው። መንገድ ላይ የቀረው ዕዳውን ይዞ ነው የቀረው። ሁለተኛ፣ አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪ ወደ ውጭ ክሊኒኮች ሲላክ እንግሊዝኛ የሚነገርበት ምን ያህል ቦታ አላቸው?

ሰላም፦ ሁለተኛውን አላሰብኩትም ነበር። ልጻፈው።

ዮናስ፦ ዕዳ ካነሳን፣ ገንዘቡስ?

ሰላም፦ እሱ ደግሞ ተቀይሯል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚገባ ተማሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር ቀርቷል። እንደ ኦፕቶሜትሪ ላለ ትምህርት በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ መንግሥት አያበድርም፣ በጠቅላላው 200,000። አራት ዓመት በሃምሳ ስታባዛው ልክ ሁለት መቶ ነው። የትምህርት ክፍያውም፣ ኪራዩም፣ ምግቡም እዚያ ውስጥ ካልገባ ባንክ ደጅ ልትጠና ነው።

ዮናስ፦ አንድ ዓመት ጠብቀሽ፣ ፈተናውን ደግመሽ ብታመለክቺስ?

ሰላም፦ እሱም አለ። መጠበቅ ግን ነፃ አይደለም። አንድ ዓመት እንደ ረዳት እሠራለሁ ማለት አንድ ዓመት የዶክተር ደሞዝ ኋላ ላይ ይቀንስብኛል። ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ዘንድሮ ያላጠናሁትን ከርሞም ላላጠናው እችላለሁ።

ዮናስ፦ ይሄ ነው እውነቱ። ማዕበሉንስ አላነሳሽም። ማሪያ የተባለውን ረሳሽ?

ሰላም፦ የት እረሳለሁ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017። ደሴቱ በሙሉ ነው መብራት ያጣው። መጨረሻ ላይ የቀሩት ቤቶች አንድ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ነው የበራላቸው። በ2022 ደግሞ ፊዮና መጣ። ያለ ማዕበልም ይጠፋል፤ በ2024 የመጨረሻው ቀን ላይ፣ ከዚያ ኤፕሪል 2025።

ዮናስ፦ መብራት መጥፋት ለሐበሻ ዜና ነው?

ሰላም፦ (ሳቅ) ለፈተና ሳጠና ሻማ አብርቼ አድጌያለሁ። ግን እዚያ ቤት የሚከራየው ሰው ሁለት ቃል ይፈልጋል። አንዱ «ፕላንታ» ነው፣ ጄነሬተር ማለት። ሁለተኛው «ሲስተርና»፣ የውሃ ታንከር። ሁለቱም ያለው ቤት በማስታወቂያው ላይ ከመኝታ ቤቱ ብዛት ቀድሞ ይጽፈዋል። ደግሞ ባያሞን በባቡር ከሳን ሁዋን ይገናኛል፣ ትሬን ኡርባኖ፣ አንድ መስመር ነው። መኪና ያለው ግን ይሻለዋል።

ዮናስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ማስታወቂያው ላይ ምን እንደሚጻፍ በምን አወቅሽ?

ሰላም፦ ...

ዮናስ፦ ሰሉ።

ሰላም፦ ትናንት ማታ ትንሽ አየሁ።

ዮናስ፦ ስንት ሰዓት ድረስ?

ሰላም፦ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት። ግን አየሁ ነው ያልኩት፣ ወሰንኩ አላልኩም።

ዮናስ፦ ፕላንታ አለው?

ሰላም፦ ፕላንታ አለው። ሲስተርናውን ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ።