ሁለት ደቂቃ አይበቃንም

(በሜሪላንድ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

የተጠየቅኩት ስለ ዓመቱ ሥራችን እንድናገር ነበር። እሱን ገንዘብ ያዣችን በደንብ አቅርቦታል። እኔ የስቴታችን ሕግ ስለሚወጣባት ስለ አናፖሊስ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። የሊሞ ሥራ ላይ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። የኢንሹራንስ ግዴታችንን ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። እኛ የሰማነው በወሬ ወሬ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ሥራችንን ጥለን፣ አምስት ሆነን በአንድ መኪና ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን። ኮሚቴው ፊት ለመቅረብ ከቀትር እስከ ማታ ጠበቅን። ስሜ ሲጠራ ሁለት ደቂቃ ተሰጠኝ። ጽፌ የሄድኩት ሦስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ሰዓቴ አለቀ። "እናመሰግናለን" ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ኮሪደሩ ላይ ያየሁት ነው። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሎቢስት፣ ሕግ አውጪዎችን እንድታግባባላቸው የቀጠሯት ባለሙያ፣ ቆማለች። እጇ ላይ አንዲት ገጽ ወረቀት ብቻ። የኮሚቴው ሠራተኞች በስሟ ይጠሯታል። ረቂቁን ያመጣው ዴሌጌት፣ የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባል፣ ሲወጣ ጠጋ አለችውና "ያ የተነጋገርንበት ማሻሻያ" አለችው። የተነጋገርንበት! እኛ ረቂቁን አንብበን ሳንጨርስ እነሱ ማሻሻያውን ጽፈው ጨርሰዋል። በእሷ ቅር አልተሰኘሁም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። ቅር ያለኝ በእኛ ነው።

ሎቢ ሲባል ብዙዎቻችን ጉቦ ይመስለናል። አይደለም። ለመንግሥት አቤት ማለት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚጠብቀው መብት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ተከፍሎት የሚሠራ ሎቢስት በስቴቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን ይመዘገባል። ማን እንደቀጠረውና ስንት እንደተከፈለው ያሳውቃል። "ሕጉ ካለፈልን ይህን ያህል እንከፍልሃለን" የሚል ውል ክልክል ነው። እንደዚያ የሚላችሁ ካጋጠማችሁ ሽሹት።

የስቴቱ 47 ሴናተሮችና 141 ዴሌጌቶች በ90 ቀን ጉባኤ ውስጥ ያን ሁሉ ረቂቅ ያያሉ። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ስለ እኛ ሥራ የሚያውቁት ሰው የነገራቸውን ያህል ነው። ጥሩ ሎቢስት ረቂቁ ሳይጻፍ፣ በጁላይና በኦገስት ያገኛቸዋል። አንዲት ቃል ወጪያችንን እንዴት እንደምታንር በአንድ ገጽ ያሳያቸዋል። ከሁሉም በላይ፣ እኛኑ ይዞ ይገባል፤ ከዚያው ከምርጫ ወረዳቸው የመጣ፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው። ትልቁ ኩባንያ ይህ የለውም።

ሎቢስት መቅጠር ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ለአንድ ሰው አዎ፣ ውድ ነው። ግን እኛ እኮ ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ነን! ከመሃላችን አንድ ሰው ሲያርፍ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት ስንት እንደምናዋጣ ታውቃላችሁ። ለሞት እንዲህ የምንሰበሰብ ሰዎች፣ እንጀራችን ሲነካ ለምን እንበተናለን? ለዚህ አዳራሽ ከፍለናል። ለሙዚቃው ከፍለናል። በስማችን አናፖሊስ ለሚቆም ሰው ግን አንድም ዓመት አንድ ዶላር አላወጣንም!

ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ለምትነግዱም ነገሩ ያው ነው። የሪችመንዱ ጉባኤ እንዲያውም ከዚህ ያጠረ ነው።

የእኛው ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ሦስት ሰው ያስፈልገናል። ሎቢስቶችን የሚያነጋግር፣ ዋጋ የሚጠይቅ፣ ከእኛ ጋር ለሚጋጭ ደንበኛ እንደማይሠሩ መዝገባቸውን የሚያይ። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። ሁለት መስመር ክፍት ነው።