ሱቅ ያልነው ሩቅ ሆኖ ሲሰማ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ስለ አባቴ ጆሮ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ቤታችን ሄጄ ሳለሁ እናቴ ነጠላቸውን እያጣፉ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ቢሉ፣ አባቴ ቀና ብለው «ሩቅ የት?» ሲሉ ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም አብረውን ሳቁ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይዘዋወር ስለነበር፣ የሚያስቀው ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንደሚስቁ ያን ጊዜ ገባኝ።

በከባድ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ እና ች ይጠፉና ወፍራሞቹ ድምፆች ይቀራሉ፤ በዚህ ምክንያት ሰውየው ሰዎች እንደሚናገሩ ይሰማል፣ የሚሉት ግን አይለይለትም፤ የጎደለውንም ፊደል አእምሮው በግምት ይሞላዋል። የልጅና የሴት ድምፅ ሲያመልጠው የወፍራም ድምፅ ባለቤት የሆነው ጎረቤት ንግግር ግን ስለሚሰማው፣ ቤተሰቡ «ሲፈልጉ ይሰማሉ» እያለ ያማዋል። እኔም ብያለሁ። ቋንቋችንም አላገዛቸውም፤ ለማይሰማውም ለማያውቀውም ደንቆሮ የሚል አንድ ቃል በምንጠቀምበት አገር፣ ኩሩ ሰው «አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ» ከማለት ዝምታን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

አባቴ መድፈኛ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ገና በሃያ ዓመታቸው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ድል ሲሆንም ከአንድ 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ጋር ነበሩ። ጆሯቸውን ምን ይከልሉበት እንደነበር ስጠይቃቸው፣ መድፉ ሲተኮስ አፍን ከፍቶ ጆሮን በመዳፍ መድፈን የተለመደ እንደነበር ነገሩኝ፤ «መድፉን የሚያጎርስ ሰው ግን እጁ መች ባዶ ይሆናል?» አሉ። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ጥይት ያጎርሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቅጽበታዊ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ካለፈ በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ የከባድ መሣሪያ ደግሞ ከ170 ይበልጣል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት 15 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ የሞተው ተመልሶ አይበቅልም። ሌሊት ሌሊት ጆሯቸው ውስጥ የሚጮኸውን ነገር እሳቸው «የእኔ ፌንጣ» ይሉታል።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቬትናም የዘመቱ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። በሁለቱም ጆሮዎቻቸው የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ፤ መሣሪያውንም ባትሪውንም ያለ ክፍያ የሚሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ባትሪው በፖስታ ደጃፋቸው ይደርሳል። የጆሮ ጩኸት በዚያ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ካሳ ከሚከፈልባቸው ሕመሞች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው። ይህን ሁሉ ያገኙት ግን አገልግሎታቸው በወረቀት ላይ ስላለ ነው። የአባቴ ጦር በ1983 ዓ.ም. ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት አብሮ ተበትኗል፤ እሳቸውም ወደ ቤት የተመለሱት በእግራቸው፣ ያለ አንዲት የሕክምና ማስረጃ ነው። እግሩን ያጣ ጓዳቸው ጉዳቱን የሚያስረዳለት ክራንች ነበረው፤ ጆሮ ግን ሲቆስል አይደማም፣ አያነክስም። ጎረቤቴ የተሰጣቸው ይበዛባቸዋል እያልኩ አይደለም፤ የቆጨኝ፣ ተመሳሳይ ጉዳት ያለባቸውን ሁለት ሽማግሌዎች የለያያቸው መዝገብ መሆኑ ነው።

እናም ራሴ ለመግዛት ተነሣሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ የመስሚያ መሣሪያን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት ስለተፈቀደ፣ ሳላማክር አንድ ጥንድ ገዝቼ ወደ አገር ቤት ላክሁ። ሳጥኑ ላይ ለቀላልና ለመካከለኛ የመስማት ችግር መሆኑ ተጽፏል፤ ያነበብኩት ግን ከላክሁ በኋላ ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም አባቴን መርምሮ ጉዳታቸው ከባድ መሆኑን ነገረን። ከዚያ በኋላ ነው ከጆሯቸው ጀርባ የሚቀመጥ ጠንካራ መሣሪያ፣ በጆሯቸው ልክ ከተቀረጸ መሰኪያ ጋር የተሠራላቸው፤ ዋጋውንም እኔና ወንድሜ ተካፍለን ከፈልን። የመጀመሪያው ሳምንት አስቸጋሪ ነበር። የፍሪጁ ድምፅ፣ የሳህኑ ኳኳታ፣ የራሳቸው ኮቴ ሳይቀር እየጮኸባቸው አውልቀው ኪሳቸው ይከቱት ነበር፤ አእምሮ ለዓመታት የረሳውን ድምፅ እንደገና እስኪለማመድ ሳምንታት እንደሚፈልግ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

ባትሪው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ይህቺ የአዝራር ያህል ባትሪ የምትሠራው በአየር ነው፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ሲላጥ አየር ይገባትና ሥራ ትጀምራለች፣ ብትጠቀሙባትም ባትጠቀሙባትም ከዚያ ወዲያ ማለቋ አይቀርም። ለአንድ ዓመት ይበቃል ብዬ በሰው እጅ የላክሁትን ባትሪ እናቴ ተቀብለው፣ ወረቀቱ መጠቅለያ መስሏቸው አንድ በአንድ ልጠው፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ደርድረው ቡፌው ላይ አስቀመጡት። የዓመቱ ስንቅ ብርጭቆው ውስጥ እንዳለ ሞተ። ስለወረቀቱ አንድ ቃል ያልተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ እሳቸውን ልቆጣ አልቻልኩም። አባቴ ሌላ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ሁለት ወር ያህል ወደ ዝምታቸው ተመለሱ፤ በስልክም «ደህና ነኝ፣ እናትሽን ላገናኝሽ» ብቻ ይሉኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ግን የደወሉት ራሳቸው ናቸው።

«የሚመጣ ሰው አለ?» አሉኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት አለ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ባለ ሰማያዊ ወረቀቱን ነው የምትልኪው። ባለ ቡናማው ትንሽ ነው፣ ለእኔ አይሆንም። ለእናትሽም ንገሪያት፣ እንዳትልጠው።»