የሹማምንቱ የሀብት መዝገብ ይከፈት
(በዓለም አቀፉ የፀረ ሙስና ቀን ለኦዲት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራን እንግዶች፤

በየዓመቱ ኅዳር ማብቂያ ላይ ይህን ቀን ስናከብር የሚሰቀለው መፈክር ይለዋወጣል፤ ስለ ሙስና የሚሰጠን ማብራሪያ ግን ያው ነው። ችግሩ የኅብረተሰቡ አመለካከት ነው ይባላል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይጠቀስና ጥፋቱ በአባቶቻችን ላይ ይላከካል። ዕድሜዬን በውስጥ ኦዲተርነት የጨረስኩ ሰው እንደመሆኔ ይህን አልቀበልም።

ኢሕአዴግ በ2007 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ባደረገው ጉባኤ የመልካም አስተዳደርን ችግር ዋና አጀንዳው ባደረገ ማግስት፣ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ሁሉ ሥልጠና ተዘጋጀ። ኃላፊው መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ግማሽ ቀን ሙሉ አስተማሩን። ከወራት በኋላ የዚያው ሥልጠና ሂሳብ ለምርመራ እኔ ዘንድ መጣ። በአበል መክፈያው ላይ በሥልጠናው ያልተገኙ ሰዎች ፈርመዋል፤ በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ባልደረባችን እንኳን አበል እንደወሰደች ተጽፏል። ለአዳራሹ ኪራይ ከሦስት ድርጅቶች መጡ የተባሉት ፕሮፎርማዎች (የዋጋ ማቅረቢያዎች) በአንድ ሰው እጅ የተሞሉ ናቸው። ግኝቱን ጽፌ ሳቀርብ የተሰጠኝ ምላሽ የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ እንዳላበላሽ የሚያስጠነቅቅ ነበር። በመጨረሻ የተቀጣችው ክፈዪ ተብላ የከፈለችው ገንዘብ ያዥ ስትሆን፣ ያዘዟት ሰው ግን በዕድገት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ተመሳሳይ ግኝት ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ያልቀረበት ኦዲተር ያለ አይመስለኝም።

ወደ ላይ እንመልከት። የመንግሥት የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ያለ ጨረታ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ መፈጸሙን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነገሩን። ያ ግዢ ሲፈጸም በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፀረ ሙስና ኮሚሽን በቦታው ነበረ፤ ስብከቱም አልተቋረጠም። ታዲያ 37 ቢሊዮን ብር ያለ ጨረታ የወጣው በማን አመለካከት ነው? በገበሬው? ወይስ ለአንድ መታወቂያ በየወረዳው በሚመላለሰው ነዋሪ? የሹማምንት ሌብነት የሚነገረን ወንበራቸውን ካጡ በኋላ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የአቶ ታምራት ላይኔ ነገር የተሰማው በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ነው፤ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ደግሞ በሙስና የተከሰሱት በ1993ቱ የሕወሓት ክፍፍል ከተሸነፉ በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች በሥልጣን ላይ ሳሉ ማን መረመራቸው? በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተሰየመው የፀረ ሙስና ብሔራዊ ኮሚቴም በራሳቸው በመንግሥት ኃላፊዎች የተዋቀረ በመሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

መልሱ በእጃችን ያለ ሕግ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 የተመዘገበው መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ያህል ሹም ሀብቱን አስመዘገበ የሚል ሪፖርት ሲነበብልን ኖረናል፤ የአንድን ሚኒስትር ስም ፈልጎ ያለውን ቤትና መሬት የሚያነብ ተራ ዜጋ ግን አላየሁም። የተቆለፈ መዝገብ የሚጠብቀው ሹሙን ነው።

ማኅበራችን የካቢኔ አባላት ያስመዘገቡት ሀብት እንዲገለጽ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ደብዳቤው ተረቅቋል፤ የፊርማ ወረቀቱ መግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።