ማስነሻውን ከመርገጣችሁ በፊት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቆሙ ሞተር ሳይክሎች ነው። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ዞር ዞር ያለ ሰው ያያቸዋል። ግቢ ጥግ ላይ፣ ሸራ ለብሰው፣ ዶሮ ሰፍሮባቸው። አንዳንዶቹ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የግል ሞተር ሲከለከል ወደ ዳር የወጡ ናቸው። ሌሎቹ ባለቤቶቻቸው ስላረጁ ነው የቆሙት። ባለቤቶቹን ስትጠይቋቸው "ምንም አልሆነም፣ እንዳለ ነው" ይሏችኋል። እንዳለ አይደለም። ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይዝጋል። ቶሎ የደረሰበት ሰው ያተርፈዋል፤ የዘገየ ለቁራሌው ይሸጠዋል።

እኔ የማወራው ሱሉልታ ስለቆመው የአጎቴ ሞተር ነው። ያማሃ ኤጂ 100። የድሮ የመስክ ሠራተኞች በደንብ ያውቁታል። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ካቴናው ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። አጎቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። በ1980ዎቹ ቆላ ውስጥ፣ የኋላ መጫኛው ላይ የክትባት በረዶ ሳጥን አስሮ ከመንደር መንደር ሲዞር ነው የኖረው። ክትባት ከሚሰጥባቸው በሽታዎች አንዱ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። ያ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣው በሽታ። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ያ ሥራ በቤተ ሙከራ ብቻ አላለቀም። አንድ ሰው ክትባቱን በረዶው ሳይቀልጥ ከበረቱ ደጃፍ ማድረስ ነበረበት። አጎቴ በዞረበት ያደረሰው ይህ ሞተር ነው። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው አጎቴ ገዝቶ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሱሉልታ አመጣው። ጉልበቱን ሲያመው ግን አቆመው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የቆመ ሞተር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ማስነሻውን መርገጥ ነው። ይነሳ ይሆን? ድምፁስ? እባካችሁ እንዳትረግጡት። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ ያ አንድ እርግጫ ይቧጥጠዋል ወይም ይሰብረዋል። ይሄ ደግሞ ቱ ስትሮክ ነው። እንደ ሌሎቹ ታች የተጠራቀመ የሞተር ዘይት የለውም። የታችኛው ኩሽኔታ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ በሚገባ ዘይት ነው። ለዓመታት ከቆመ ደርቋል ማለት ነው።

ካንዴላውን፣ ያን እሳት የሚሰጠውን፣ ፈታሁት። በቀዳዳው ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌ አሳደርኩት። በማግስቱ ማርሽ አስገብቼ የኋላ ጎማውን በእጄ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ መለስ አደረግሁት። ንቅንቅ አላለም። አጎቴ ጋቢውን ደርቦ ዱካው ላይ ተቀምጧል።

"አትታገለው ልጄ" አለኝ። "ዘይቱ ይሥራ።"

"ጋሼ፣ ጨርሶ ተጣብቆ ቢሆንስ?"

"ተጣብቆ ከሆነማ ጉልበትህ ይሰብረዋል እንጂ አያላቅቀውም።"

ዘይት ጨምረን ደግሞ አሳደርነው። ከዚያ ጎማው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የአንድ መዳፍ ያህል። ከካንዴላው ቀዳዳ ቡናማ ዘይት ትፍ አለ። በነጭ ጨርቅ ተቀብዬ ፀሐይ ላይ አየሁት። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ የለበትም፣ ዝገት ብቻ ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አጎቴም ጨርቁን ተቀብሎ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። "ደህና ነው" አለ።

ሞተሩ የቆመው ከድርቆሹ አጠገብ ነበር። ድርቆሽ ባለበት ደግሞ አይጥ አለ። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ስከፍተው ውስጡ ጎጆ ተሠርቶበታል። ስፖንጁ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፍራል። ይህንን ሳያይ ያስነሳ ሰው ያንን ሁሉ ፍርፋሪ ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገባል። የጭስ ማውጫውንም ጫፍ እዩ። አይጥ እዚያም ይገባል።

የነዳጅ ታንኩ ሲከፈት የቫርኒሽ ሽታ ነው ያለው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት አዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር። ኢታኖል ውሃ ይስባል። ውሃው ታች ይዘቅጥና ታንኩን ከውስጥ ያዝገዋል። አሮጌውን ቤንዚን ቀድታችሁ አውጡ። ከዚያ ኮምጣጤ ሙሉበት፣ ትናንሽ ብሎኖች ጨምራችሁ ወዝውዙት፣ አሳድሩት። በደንብ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከተተወ በአንድ ቀን እንደገና ይዝጋል።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ውስጥ ደግሞ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች። መሀሏ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀዳዳ አላት። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩባት። ብርሃን ካላለፈ ቤንዚንም አያልፍም። በሽቦ እንዳትወጉት፤ ቀዳዳው ይሰፋል። በካርቡራተር ማጽጃ ይነከር፣ በአየር ይነፋ።

ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እንዲገባ የሚያደርገውን የዘይት ፓምፕም አልተማመንኩበትም። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ ሞተሩ ያለ ዘይት ይዞራል። ስለዚህ አየሩን አስተንፍሰን፣ ፓምፑ በትክክል መስጠቱን እስክናይ ድረስ በ1 ሊትር ቤንዚን ላይ 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቀልን።

አዲስ ካንዴላ ገባ። ያኔ ነው የተረገጠው። ሳል ሳል አለ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ሳል አለና ያዘ። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። የአጎቴ ሚስት ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች፤ እሳት መስሏት። አጎቴ ግን ጭሱን አላየም። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ነበር። "ቤንዚን በዝቶበታል" አለኝ። ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው እውነትም ጥቁርና እርጥብ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባን። ሞተሩ የተስተካከለው ለቆላ ነው። ሱሉልታ 2,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የሚበቃው ቤንዚን እዚህ ትርፍ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ፈልጌ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ብሎን አገኘሁ። ስትገባ ድምፁ ጠራ። አጎቴ አንገቱን ነቀነቀ።

ግን ሞተር ተነሳ ማለት መንገድ ይወጣል ማለት አይደለም። የፍሬኑን ሸራ ፈትታችሁ እዩ። ሲቆይ ከብረቱ ይላቀቃል። ጎማው ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳዩ አራት ቁጥሮች አሉ። የእኛው ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቋል። ሁለቱንም ከነካላማዳሪያቸው ቀየርን። ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ገና ይቀሩናል። እስከዚያ ከግቢ አይወጣም።

እናንተም ጋ የቆመ ሞተር ካለ ቢያንስ በዚህ ሳምንት ቤንዚኑን ቀድታችሁ አውጡለት። ካንዴላውን ፈትታችሁ ዘይት ጠብ አድርጉበት። መካኒክ እስክታገኙ ድረስ ይኸው ይበቃዋል። ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነና ስንት ዓመት እንደቆመ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነብላችኋለሁ። ደህና ሰንብቱ።