ከሸንጎ አዳራሽ የተወለደ ቤተ ክርስቲያን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት በስልክና በጽሑፍ መልእክት የደረሱን ጥያቄዎች፣ ከሮም ነገሥታት ሕንጻዎች አንሥቶ እስከ ፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ዘመን ድረስ ባለው ኪነ ሕንጻና ሥዕል ላይ ያተኮሩ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አጣምሬ መልሻለሁ። የጠቀስኋቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጎንደር የደወሉ አድማጭ፦ «የእኛ አገር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ክብ ናቸው። በፎቶግራፍ የማያቸው የሮም ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን እንደ መጋዘን ረዣዥም ናቸው። ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን ከፈቀደ በኋላ ስንት ያማሩ ቤተ ጣዖቶች ባዶ እያሉ፣ ሌላ ቅርጽ መፈለግ ለምን አስፈለገ?»

መጋዘን ማለትዎ ከሚያስቡት በላይ ለእውነቱ የቀረበ ነው። በመጀመሪያ፣ ቤተ ጣዖቶቹ በዚያ ጊዜ ገና ባዶ አልነበሩም፤ በ313 ዓ.ም. ክርስትና ሲፈቀድ ብዙው የሮም ሕዝብ፣ በተለይም ባለ ሥልጣናቱና ባላባቶቹ፣ በአሮጌው አምልኮ ጸንተው ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን የቤቱ አሠራር ነው። የሮም ቤተ ጣዖት የተሠራው ለምስሉ ማደሪያ እንጂ ለሕዝብ መሰብሰቢያ አልነበረም፤ ምስሉ በውስጠኛው ክፍል ይቆማል፤ መሥዋዕቱ የሚቀርብበት መሠዊያ ግን ከደጅ፣ በደረጃው ፊት ለፊት ነበር፤ ሕዝቡም በአደባባይ ቆሞ ይከታተል ነበር። ክርስቲያኖች በአንጻሩ ቃሉን ለመስማትና ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር መቆም ነበረባቸው። እንዲህ ላለው ጉባኤ የሚበቃ ሕንጻ በየከተማው አስቀድሞ ነበረ፤ እርሱም ዳኛ የሚያስችልበት፣ ነጋዴ የሚዋዋልበት፣ ባለ ጉዳይ ተራውን የሚጠብቅበት ባዚሊካ የሚባለው አዳራሽ ነው። በዐምዶች ረድፍ በርዝመቱ ይከፈላል፤ የመካከለኛው ክፍል ጣራ ከግራና ከቀኙ ከፍ ስለሚል ብርሃን ከላይ በመስኮቶች ይገባል፤ በብዙዎቹም ጫፍ ላይ ግማሽ ክብ የሆነ ከፍ ያለ ስፍራ አለ፤ እዚያ ላይ ዳኛው ይቀመጣል።

የክርስቲያኖቹ አናጺዎች ይህን ወስደው አንድ ትልቅ ለውጥ አደረጉበት። በ112 ዓ.ም. የተመረቀውን የንጉሠ ነገሥት ትራያንን ባዚሊካ የመሰሉት የሸንጎ አዳራሾች ዋና በራቸው በረጅሙ ጎን ላይ ነበር፤ የገባ ሰው ግራና ቀኝ እየተመለከተ ይዘዋወርባቸዋል። በሩ ወደ አጭሩ ጎን ሲዛወር ግን የገባው ሰው ዐይኑም እግሩም በዐምዶቹ መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ መሠዊያው ይመራል፤ የዳኛው መቀመጫም የጳጳሱ መንበር ሆነ። ነገሥታቱ ራሳቸው ባለ ጉዳይ ለማነጋገር በሚቀመጡባቸው አዳራሾች ይህን አቅጣጫ ይጠቀሙበት ነበር፤ በጀርመን አገር በትሪየር ከተማ እስከ ዛሬ የቆመው፣ 67 ሜትር የሚረዝመው የቆስጠንጢኖስ አዳራሽ ጥሩ ምስክር ነው። ስለዚህ በ4ኛው መቶ ዘመን አንድ ሮማዊ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ አካሉ ወደ ንጉሥ ፊት እንደሚቀርብ ሰው እንዲሄድ ሕንጻው ያስገድደው ነበር። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ቆስጠንጢኖስ የላተራን ባዚሊካን ያሠራው በተቀናቃኙ በማክሴንቲዮስ በኩል ተሰልፈው የነበሩት ፈረሰኛ ዘበኞች ሰፈራቸው በፈረሰበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ቦታው ከከተማው እምብርት ርቆ በቅጥሩ ጠርዝ ላይ ይገኛል። የሹማምንቱን ልብ ላለማስከፋት የመረጠው ይመስላል። የጥንቱ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም በቫቲካን ኮረብታ በመቃብር ስፍራ ላይ ተሠርቶ አምስት ረድፍ ክፍሎች ነበሩት፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ፈርሶ በአሁኑ ተተካ። በነገራችን ላይ ይህ አምስት ረድፍ አዳራሽ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ውስጥ በአራት ረድፍ የቆሙትን ዐምዶች የቆጠረ ሰው ያገኘዋል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በአገራችን የበዛው ከዚያ በኋላ ነው።

በሮም ከተማ የሚሠሩ አድማጭ፦ «በዕረፍት ቀኔ የጥንቱን ክብ ቤተ ጣዖት ፓንቴዎንን ስጎበኝ፣ አንድ ሰው በጣራው መካከል ባለው ቀዳዳ ዝናብ አይገባም ሲል ሰማሁ። እውነት ነው? ብረት ሳይኖርበትስ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ቆመ?»

ዝናቡ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ወለሉን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ መካከሉ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ ሲሆን ውኃውን የሚያስወግዱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበጅተውለታል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ጉልላት ስል በእኛ ልማድ በጣራ ጫፍ መስቀል የሚሸከመውን ጌጥ ሳይሆን፣ ክቡን ጣራ በሙሉ ማለቴ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን፣ በ120ዎቹ ዓመታት የተጠናቀቀው ይህ ጉልላት ከዳር እስከ ዳር 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ያለው ከፍታም ከዚሁ ጋር እኩል ስለሆነ አንድ ሙሉ ኳስ በውስጡ ሊቀመጥ ይችላል። ምስጢሩ በኮንክሪቱ ነው፤ ሮማውያን ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ሲያዋህዱ ከውኃ ጋር ተዋድዶ የሚጠነክር ማጣበቂያ ያገኙ ነበር። በውስጡ የሚጨምሩትን ድንጋይም እየመረጡ ቀየሩት፤ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ከፍ ሲል የሸክላ ስብርባሪ፣ ከጫፉ አጠገብ ደግሞ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተጠቀሙ። ውፍረቱም እንዲሁ ይቀንሳል፤ ከሥሩ ከ6 ሜትር ይበልጣል፣ በቀዳዳው ዙሪያ ግን 1.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በውስጥ በኩል በ5 ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር 28 ሆነው እንደ ሣጥን የተቦረቦሩት አራት ማዕዘኖችም ለዐይን ጌጥ፣ ለጣራው ደግሞ ሸክም ማቅለያ ናቸው።

ቀዳዳው 9 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ይኸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በመካከል መሆን የነበረበትን ክብደት በሙሉ አስቀርቶ፣ ዙሪያው ያለው ቀለበት ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ግፊት እርስ በርሱ እንዲደጋገፍ ያደርገዋል። ብረት ሳይገባበት ከኮንክሪት ብቻ ከተሠሩት ጉልላቶች ውስጥ እስከ ዛሬ ይህን የሚበልጥ የለም። ሕንጻው ሳይፈርስ የቀረው ግን በአሠራሩ ብቻ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥት ፎቃስ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስዮስ 4ኛ ሰጥቷቸው በ609 ዓ.ም. በእመቤታችንና በሰማዕታት ስም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። ከጎንደር ለደወሉት አድማጭም ይህ ተጨማሪ መልስ ይሆናል፤ በሮም ከተማ ቤተ ጣዖት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመለወጥ ከቆስጠንጢኖስ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ከሐዋሳ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦ «የሮም ክርስቲያኖች በስደት ዘመን በግበበ ምድር ውስጥ ይኖሩ ነበር ብዬ ለልጆች አስተምራለሁ። ልክ ነኝ?»

ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ያስተምራል፤ ነገር ግን ሊታረም ይገባዋል። ግበበ ምድር የመቃብር ስፍራ ነበር። የሮም ሕግ በከተማው ውስጥ መቅበርን ስለሚከለክል፣ ከቅጥሩ ውጪ ባሉት መንገዶች ዳር ያለውን ለቁፋሮ የሚመች ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አለት እየቦረቦሩ አስከሬኑን በግድግዳው ላይ በተደራረቡ መደቦች ያሳርፉ ነበር፤ አይሁድም የራሳቸው ነበራቸው። መንገዶቹ ጠባብና ጨለማ ስለሆኑ ቤተ ሰብ የሚኖርባቸው አይደሉም፤ ባለ ሥልጣናቱም ቦታዎቹን ያውቁ ስለነበር መሸሸጊያ አይሆኑም። ክርስትና ከተፈቀደ በኋላም መቅበሩ ቀጥሏል።

ለልጆቹ ስለ ሥዕሎቹ ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ብዙዎቹን ታሪኮች ያውቋቸዋልና። በጵርስቅላ ግበበ ምድር ሠለስቱ ደቂቅ እጃቸውን ዘርግተው በእሳቱ መካከል ቆመዋል፤ በሌሎቹም ዮናስ ከዓሣ አንበሪው ይወጣል፣ አልዓዛር ከመቃብር ይነሣል፣ ኖላዊ ኄር በግ ተሸክሞ ይታያል። ሁሉም ከሞት ስለ መዳን የሚናገሩ ናቸው። ስቅለቱ ግን በዚያ የለም፤ በሮም በቅድስት ሳቢና ቤተ ክርስቲያን የእንጨት በር ላይ የተቀረጸው፣ የ430 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ፣ ከቀደሙት የስቅለት ምስሎች አንዱ ነው፤ በዚያም ላይ የጌታና የሁለቱ ወንበዴዎች መስቀሎች ከእጆቻቸው በስተጀርባ እምብዛም አይታዩም።

ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ተማሪ፦ «የሮም ቀራጺዎች ሰውን ሕያው አስመስለው ይቀርጹ ነበር። በጣሊያን በራቬና ከተማ ባሉት ሞዛይኮች፣ ከትንንሽ ቁርጥራጮች በተገጣጠሙት ሥዕሎች፣ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ጠፍጣፋ ናቸው፤ እግራቸውም መሬት የረገጠ አይመስልም። ጥበቡ ጠፍቶ ነው?»

ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን አከራክሯል፤ እኔ ግን ጠፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ለውጡ በክርስትና ምክንያት ብቻ እንዳልመጣ በሮም የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ላይ ታገኘዋለህ። በ315 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ቅስት ከትራያን፣ ከሐድሪያንና ከማርቆስ አውሬልዮስ ሐውልቶች የተነቀሉ ያማሩ ቅርጾችን ለብሷል፤ የነገሥታቱ ራሶች ግን ቆስጠንጢኖስን እንዲመስሉ እንደገና ተቀርጸዋል። ከእነዚህ በታች በእርሱ ዘመን የተሠራው ረድፍ አለ፤ በዚያ ሰዎቹ አጫጭር፣ ራሳቸው ትልቅ፣ አቋቋማቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ንጉሡ በመካከል ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል፤ ሌላው ሁሉ ወደ እርሱ ዞሯል። ቀራጺው ማን የበላይ እንደሆነ ከሩቅ እንዲነበብ ፈልጓል፤ ያንንም በሚገባ አሳክቷል።

ራቬና ላይ ይኸው ቋንቋ ወደ መስተዋትና ወርቅ ተሻገረ። በ547 ዓ.ም. በተቀደሰው በቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ጻሕል፣ በፊት ለፊቱ ንግሥት ቴዎዶራ ጽዋ ይዘው ቆመዋል፤ ሁለቱም አክሊለ ብርሃን አላቸው፤ በንግሥቲቱ መጐናጸፊያ ጫፍ ላይ ደግሞ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻ ይዘው ተጠልፈዋል። ዮስጢንያኖስ ራቬናን በዐይኑ አላያትም፤ በሥዕሉ ግን ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር መባ ያቀርባል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥላና ጥልቀት አያስፈልጉም። ወርቃማዎቹ ቁርጥራጮች ሆን ተብሎ ዘንበል እየተደረጉ ስለተተከሉ፣ በመብራት ፊት የምታልፍ ከሆነ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ፤ ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም።

በዚያው ከተማ እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው። ጎቶች የሚባሉት የጀርመን ነገድ ንጉሥ ቴዎዶሪክ አርዮሳዊ ነበር፤ በ500 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ አዲሱ ቅዱስ አፖሊናሬ የሚባለውን የቤተ መንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ፣ ቤተ መንግሥቱንና መኳንንቱን በግድግዳው ላይ በሞዛይክ አሣለ። የዮስጢንያኖስ ጦር ከተማዋን በ540 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ለኦርቶዶክሳውያኑ ተሰጠ፤ በዐምዶቹ መካከል ቆመው የነበሩት ሰዎችም ተነቅለው በነጭ መጋረጃ ተተኩ። ሠራተኞቹ ግን ዐምዶቹን አልነኩም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ከመጋረጃው ወጥተው በዐምዶቹ ላይ ያረፉ፣ ባለቤት የሌላቸው እጆችና ጣቶች ይታያሉ።

ከዋሽንግተን የደወሉ አባት፦ «የአባ ገሪማ ወንጌል ከእነዚህ ሥራዎች ጋር ይዛመዳል ወይስ ከእነርሱ በኋላ የመጣ ነው?»

ይዛመዳል፤ ዘመኑም አንድ ነው። በዐድዋ አቅራቢያ በሚገኘው ገዳም የሚጠበቁት የብራና ወንጌሎች ቀደም ሲል በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ተደርገው ይታዩ ነበር፤ በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን አንደኛውን ከ390 እስከ 570፣ ሌላውን ከ530 እስከ 660 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጦታል። የገዳሙ ትውፊት ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ፀሐይ ቆማላቸው በአንድ ቀን ጻፉት ይላል፤ ምርመራው ስለ ፀሐይዋ የሚናገረው ባይኖርም፣ መጽሐፎቹ ከጻድቁ ዘመን ጋር እንደሚቀራረቡ አሳይቷል።

ዝምድናው በግልጽ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ነው። አውሳብዮስ ዘቂሣርያ አራቱ ወንጌላት የሚስማሙባቸውን ክፍሎች በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሠዓሊዎችም ቁጥሮቹን በዐምዶችና በቅስቶች መካከል እየጻፉ በላያቸው ወፎችንና ዕፀዋትን ይሥላሉ። በ586 ዓ.ም. በሶርያ ምድር የተጠናቀቀው፣ ዛሬ በፍሎሬንስ ያለው የራቡላ ወንጌልም እንዲሁ ያጌጠ ነው። እነዚያ ዐምዶች የሮም ሕንጻ ዐምዶች ናቸው፤ አክሱም ይህን ቋንቋ በጊዜው ታውቀው ነበር እንጂ ከዘመናት በኋላ አልተማረችውም።

በጽሑፍ መልእክት የደረሰን፦ «ሮም በምዕራብ ከወደቀች በኋላ ትልቅ ሕንጻ የሠራ አልነበረም?»

ብዙዎች ሠርተዋል፤ ለጊዜው አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ሻርለማኝ በጀርመን አገር በአኸን ከተማ በ800 ዓ.ም. አካባቢ ያሠራው ስምንት ማዕዘን ቤተ ጸሎት አርአያው የራቬናው ቅዱስ ቪታሌ ነው፤ ይሁን እንጂ የራቬናው ሕንጻ ክብደት የሌለው ሲመስል፣ የአኸኑ ደግሞ እንደ ምሽግ ጠንካራና ደረቅ ነው። ንጉሡ በቅርጹ ሳይወሰን ዐምዶቹን ራሳቸውን ከሮምና ከራቬና አስጓዘ፤ ወራሽነቱን በድንጋይ ማስመስከሩ ነበር። የፈረንሳይ ወታደሮችም በ1794 ዓ.ም. ዐምዶቹን ነቅለው ወደ ፓሪስ ወሰዷቸው፤ ናፖሌዎን ከወደቀ በኋላ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ግን በዚያው ቀሩ። ይህ ቤተ ጸሎት የሚገኝበት ካቴድራል በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የመጀመሪያ መዝገብ ውስጥ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች አንዱ ሲሆን፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ዓመት ከእርሱ ጋር ተመዝግበዋል።